ምን ከለከላችሁ?

ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ጸሐፊው ለክርክሩ ሲል አስቦ ያቆማቸው ናቸው። አንደኛዋ የሥራ ዘመናቸውን በደምበጫና በጃቢ ጠህናን ጤና ጣቢያዎች ጨርሰው አሁን ፍኖተ ሰላም የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ናቸው፤ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላቸዋል። ሁለተኛው የቡሬ ልጅ ነው። ከኮሌጅ ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ ጓደኞቹን አሰባስቦ የወጣቶች የጤና ትምህርት ማኅበር አቋቁሟል፤ ለክረምት ገጠር ለመውጣት ይሰናዳል። ሰዎቹ የታሰቡ ቢሆኑም የሚጠቅሷቸው ሕጎች፣ ፕሮግራሞችና ጥናቶች እውነተኛ ናቸው።

ወጣቱ፦ ሲስተር፣ ዕቅዳችንን አዩልኝ?

ሲስተር፦ አይቼዋለሁ ልጄ፤ ደግሜም አንብቤዋለሁ። ከቡሬ ተነሥታችሁ ወደ ሽንዲና ማንኩሳ ትወጣላችሁ፣ ድራማ ታሳያላችሁ፣ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ትናገራላችሁ፣ በራሪ ወረቀት ትበትናላችሁ። ልፋታችሁን አከብራለሁ። ነገር ግን ከዳር እስከ ዳር «ግንዛቤ እናስጨብጣለን» ይላል እንጂ ሰዎቹን ምን እንደምትጠይቋቸው አንድ መስመር የለውም።

ወጣቱ፦ እኛ እኮ የምንሄደው ለማስተማር ነው።

ሲስተር፦ ልታስተምሩት የምትሄዱትን ነገር ሰምተውታል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ አብዛኞቹም ከዚያው ከአካባቢው የወጡ ሴቶች ናቸው። 16 ፓኬጅ ይዘው ቤት ለቤት ዞረዋል፤ አንድ ቤተሰብ «ሞዴል» ተብሎ ለመመረቅ 96 ሰዓት ይሠለጥን ነበር። መጸዳጃ ቤቱ፣ አጎበሩ፣ ክትባቱ፣ የቤተሰብ ምጣኔው ሁሉ ተነግሯል። ጃቢ ጠህናን ውስጥ አንዲት እናት የወባ ትንኝ ባቆረ ውሃ እንደምትራባ ከእኔ እኩል ታስረዳሃለች። አንተ በድምፅ ማጉያ ስትነግራት በትሕትና ትሰማህና ወደ በርበሬ ለቀማዋ ትመለሳለች።

ወጣቱ፦ ካወቀች ታዲያ ለምን አታደርገውም?

ሲስተር፦ ዕቅድህ መጀመር ያለበት ከዚህ ጥያቄ ነበር። አሁን ግን የጠየቅከው እኔን ነው፤ እሷን ጠይቃት።

ወጣቱ፦ ሁሉም ነገር እንደ አጎበር አይደለም ሲስተር። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይውሰዱ። አብረውኝ ይማሩ ከነበሩት ሴቶች መካከል ክረምት ወጥቶ ትምህርት ሲከፈት ያልተመለሱ ነበሩ። ወላጆቻቸው ሕጉን ቢያውቁ ኖሮ አይድሯቸውም ነበር።

ሲስተር፦ ሕጉንማ አሳምረው ያውቁታል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 18 ዓመት ያልሞላው አያገባም ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ባያውቁት ኖሮ ሰርጉን የክርስትና ድግስ አስመስለው ለምን ይደግሱታል? ልጅቷን ጤና ጣቢያ ድረስ አምጥተው «18 ሞልቷታል ብላችሁ ጻፉልን» ለምን ይላሉ? አባት ሌላ የሚፈራው ነገር አለው። ልጄ ቆሞ ቀር ትባላለች ብሎ ይፈራል። ትምህርት ቤት ስትመላለስ መንገድ ላይ ትጠለፋለች ብሎ ይፈራል። ዛሬ ማጫ ይዞ የመጣው ቤተሰብ ነገ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ እኔም ሳልድራት እሞታለሁ ይላል። በድራማችሁ ውስጥ ያለው አባት ግን ሰክሮ የሚጮህ ክፉ ሰው ነው። ሜዳው ላይ ከሚቀመጡት አባቶች «ይህስ እኔ ነኝ» የሚል አንድም አይኖርም።

ወጣቱ፦ ድራማ እኮ ሠርቶ ያውቃል። እናቴ «የቀን ቅኝት»ን እስከ ዛሬ ታነሣዋለች።

ሲስተር፦ እኔም አነሣዋለሁ። ከ1994 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈ ባለ 257 ክፍል ድራማ ነበር። ለምን እንደሠራ ግን ልብ በል። ሰው ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ከሁለት ዓመት በላይ ኖሯል፤ ሲሳሳቱ፣ ሲጸጸቱ፣ ሲመለሱ ተከታትሏል፤ ቡና ላይ ተከራክሮባቸዋል። የእናንተ 20 ደቂቃ ነው፤ ያም ሆኖ ተዉት አልልም። አባትየውን ሰው አድርጉት፤ ፍርሃቱን በአፉ ይናገር። ተመልካቹ ከዚያ በኋላ ይነጋገርበታል።

ወጣቱ፦ ይህን እቀበላለሁ። ፍርሃቱን ካወቅን በኋላስ?

ሲስተር፦ ለዚህ ሩቅ መሄድ የለብህም፤ እዚሁ ጎጃም ውስጥ የተሠራ አለ። ሞሰቦን ታውቃለህ?

ወጣቱ፦ ይልማና ዴንሳ ወረዳ ያለችው? ስሟን ሰምቻለሁ።

ሲስተር፦ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃን ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ተካሂዶባታል። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅት ከክልሉ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ጋር ሆኖ የሠራው ነው። ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች በቡድን ይሰበሰባሉ፤ የምትመራቸው ከዚያው ከመንደሩ የተመረጠች ሴት ናት። ለሚማሩት ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤት ያልገቡት ማንበብና መጻፍ ይማራሉ። ያገቡትም የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ወላጆች በየጊዜው ተቀምጠው ይወያያሉ። በዚህ ላይ ለቤተሰቡ የተገባ ቃል አለ፤ ልጅቷ ሳትዳር ከቆየችና ከቡድኗ ካልቀረች በሁለት ዓመቱ መጨረሻ ቤተሰቡ አንድ በግ ያገኛል።

ወጣቱ፦ ልጅህን ስላልዳርክ ብሎ በግ መስጠት ጉቦ አይመስልም?

ሲስተር፦ ለእኔ አይመስለኝም። ድሃ አባት ልጁን ሳይድር ሲያቆይ የሚያጣው ነገር አለ። ማጫው ይቀርበታል፣ ዝምድናው ይቀርበታል፣ ደብተርና ልብስ ይጨመርበታል። እኛ ሁላችን «አትዳር» እያልን ኪሳራውን ለእሱ ብቻ ትተንለት ኖረናል። በጉ ከዚያ ኪሳራ ጥቂቱን ተካፈለ። ልጅቷም ብትሆን ቤቷ ውስጥ የምትታይበት ዓይን ይለወጣል፤ በእሷ ምክንያት ሀብት ገብቷላ። ውጤቱን ስማ፤ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ፕሮግራሙ ካልገባበት ተመሳሳይ አካባቢ ጋር ሲነጻጸሩ የመዳር ዕድላቸው ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል፤ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆኗል።

ወጣቱ፦ ከ15 ዓመት በላይ ያሉትስ?

ሲስተር፦ ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ያልፈዋል፤ አንተ ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። ከ15 እስከ 19 ያሉት ፕሮግራሙ ሲያልቅ ከሌላው አካባቢ ይልቅ ያገቡት በዝተው ተገኝተዋል። እኔ እንደሚመስለኝ የዘገየው ሰርግ እዚያ ዕድሜ ላይ ሲደርሱ መጣ።

ወጣቱ፦ እንግዲህ አልሠራም ማለት ነው።

ሲስተር፦ በ12 ዓመት መዳርና በ16 ዓመት መዳር አንድ አይደለም። ሰውነቷ ሳይጠና ምጥ የያዛት ልጅ ምን እንደምትሆን ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ሄደህ መጠየቅ ትችላለህ። የ16 ዓመቷም ገና ልጅ ናት፤ ይህን አልክድም። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሰው በአማራ ክልል ነገሩን ለየብቻ የፈተኑት። አንድ ቦታ የትምህርት ቁሳቁስ ብቻ ሰጡ። ሌላ ቦታ የማኅበረሰብ ውይይት ብቻ አደረጉ። በሦስተኛው ሳትዳር ለቆየች ልጅ ቤተሰብ በዓመት ሁለት ዶሮ ሰጡ። በአራተኛው ሁሉንም አንድ ላይ። ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉት ጎልቶ የሠራው የትኛው ይመስልሃል?

ወጣቱ፦ ሁሉም አንድ ላይ የሆነበት።

ሲስተር፦ ደብተርና እስክሪብቶ። የመዳር ዕድላቸውን በ94 በመቶ ቀነሰው። ወጪው ለአንዲት ልጅ በዓመት 20 ዶላር ገደማ ነበር።

ወጣቱ፦ ውይይቱስ? እኛ የምንችለው እሱን ነው።

ሲስተር፦ እሱም ሠርቷል፤ በዚያው ዕድሜ ላሉት በሁለት ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ስለዚህ ንግግር ዋጋ የለውም አልልህም። ያ ውይይት ግን የአንድ መንደር ሰው በየጊዜው ተሰብስቦ እርስ በርሱ የተከራከረበት ነው፤ ሽማግሌውም፣ ቄሱም፣ እናትየውም አሉበት። ከ15 እስከ 17 ላሉት ደግሞ የተሳካው ዶሮው የተሰጠበትና ሁሉም የተቀናጀበት ቦታ ነው። ልጅቷ ዕድሜዋ ከፍ ባለ ቁጥር ቤተሰቡ ላይ የሚመጣው ግፊት ይከብዳል፤ ከቃል ያለፈ መደገፊያ ይፈልጋል።

ወጣቱ፦ ሲስተር፣ እኛ ዶሮ የምንገዛበት ገንዘብ የለንም። ያለን ጊዜና ጉልበት ነው።

ሲስተር፦ ጊዜና ጉልበት ትንሽ ነገር አይደለም። ለበራሪ ወረቀት ማሳተሚያ የያዛችሁትን ገንዘብ ግን አይቻለሁ፤ ደርዘን በደርዘን ደብተር ይገዛል። ጉልበታችሁን የት እንደምታውሉት ልንገርህ። የገጠር ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ የት ይማራሉ?

ወጣቱ፦ ከተማ ይመጣሉ። ቡሬ እኛ ቤትም የሚከራዩ ነበሩ።

ሲስተር፦ እንዴት ይኖራሉ?

ወጣቱ፦ ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። እሑድ ከቤት ስንቅ ይመጣላቸዋል፤ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ። ሐሙስ ላይ ሲያልቅባቸው አያለሁ።

ሲስተር፦ የክፍሉ በር ይቆለፋል? ማታ ማታ የሚያንኳኳባቸው ማን ነው? የወር አበባ ሲመጣባቸው ምን ይጠቀማሉ? መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ውሃ አለ? ብትታመም ማን ጤና ጣቢያ ያደርሳታል? አባትየው ልጁን ከዘጠነኛ ክፍል የሚያስቀራት እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስለት ሰው ስላጣ ነው። እናንተ ከተማ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ናችሁ፤ ማን ጥሩ አከራይ እንደሆነ፣ የትኛው ሰፈር መጠጥ ቤት እንደበዛበት ታውቃላችሁ። የምታምኑትን አከራይ ፈልጉ። በሳምንት ሁለት ቀን ሒሳብና እንግሊዝኛ አስጠኗቸው። ከእናቶቻችሁ መካከል ለአባቷ «እኔ አለሁላት» ብላ ቃል የምትገባ አንዲት ሴት አግኙላት። ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘ መሥሪያ ቤት እኔ አላየሁም።

ወጣቱ፦ ሪፖርት ስንጠየቅ ግን «ስንት ሰው አስተማራችሁ» ነው የሚሉን። እርስዎ የሚሉት ሥራ በቁጥር ትንሽ ነው። አሥር ልጆች ብንይዝ ነው።

ሲስተር፦ አሥር ልጆች ከዘጠነኛ ወደ አሥረኛ ካለፉ አሥር ቤተሰብ አይቷል፣ አሥር ጎጥ አይቷል። ቅጹ ላይ ቦታ ከሌለው ከታች በእጃችሁ ጻፉት። ቁጥር የሚወድ ቢሮ ስላለ ሥራችሁን አታጣምሙ።

ወጣቱ፦ የጤናውን ክፍልስ? በተለይ ስለ እግር የጻፍነውን።

ሲስተር፦ ስለ ዝሆኔ ያለውን? ምን ይላል?

ወጣቱ፦ ጫማ አድርጉ፣ እግራችሁን ታጠቡ።

ሲስተር፦ ምክሩ ልክ ነው። እዚህ ደጋና ወይና ደጋ ላይ የምናየው የእግር እብጠት ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ትንኝ አያመጣውም፣ እርግማንም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ደቃቁ ማዕድን በቆዳ ገብቶ የሊንፍ መተላለፊያዎችን ይጎዳል፤ ፈሳሹ መመለሻ ያጣና እግር ያብጣል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ እየሠራ የደረሰበት ነው። ደምበጫና ደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ላይ በተደረገ ሰፊ ቆጠራ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 3.3 በመቶው ታመው ተገኝተዋል። ከ30 ሰው አንዱ ማለት ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን ስንት ታያለህ?

ወጣቱ፦ እምብዛም አላይም።

ሲስተር፦ ስለሚሸሸጉ ነው። ይሸታሉ ይባላሉ። በዘር ይተላለፋል ተብሎ ከቤታቸው ልጅ የሚያገባ ይጠፋል፤ ድግስ ላይ ዳር ይቀመጣሉ፣ ወይም ጭራሽ አይመጡም። ሕመሙ ሲነሣባቸው በትኩሳትና በብርድ ለቀናት ይወድቃሉ፤ የአዝመራ ሰዓት ከሆነ የዓመት እህል ያልፋቸዋል። እንዲህ ላለ ሰው «ጫማ አድርግ» ያለበት ወረቀት ትሰጠዋለህ። እግሩ የሚገባበት ጫማ ግን ገበያ ላይ የለም፤ ኮንጎውም በረባሶውም አይሆነውም። «ታጠብ» ትለዋለህ፤ ውሃው ከወንዝ በጀሪካን ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ያን መንገድ አይችለውም። የጎደለው የሚቀዳለት ሰው፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ፋሻና በልኩ የተሰፋ ጫማ ነው።

ወጣቱ፦ ሕክምናው ይህን ያህል ቀላል ነው?

ሲስተር፦ ቀላል ነው፤ ግን የየቀን ሥራ ነው። እግሩን በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአነደድ ወረዳ የተደረገ ሙከራ ይህ እንክብካቤ አጣዳፊው ሕመም የሚነሣበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንግዲህ ከማኅበራችሁ አንድ አንድ ወጣት ከሰፈሩ አንድ አንድ ሕመምተኛ ይያዝ። ውሃ ይቅዳለት፤ እደጁ ላይ፣ ሰው በሚያይበት፣ እግሩን ይጠብለት። ጎረቤቱ ሲያይ ስለ መተላለፉ የሚያምነው ነገር መለወጥ ይጀምራል። የደብሩን ቄስ አስቀድማችሁ አናግሩ። ጸሎተ ሐሙስ የምእመናንን እግር ዝቅ ብለው የሚያጥቡ አባት ይህን ሥራ ለማስረዳት ከእናንተ የተሻለ ቃል አላቸው፤ የንስሐ ልጆቻቸውም ይሰሟቸዋል።

ወጣቱ፦ ኤችአይቪን ሳናነሣ ቀረን።

ሲስተር፦ እሱን በአጭሩ ልንገርህ። «ኤድስ ይገድላል» እያልን ብቻ በምንለጥፍበት ዘመን ሰው ምርመራ ይሸሽ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር በራሱ እግር መጣ። ቡሬ የነቀምት መንገድ መገንጠያ ናት፤ ሹፌር ያድርባታል፣ የቀን ሠራተኛ ይሰበሰብባታል፤ ከየጎጡም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርድ ወጣት አለ። ከመውረዱ በፊት ኮንዶም የት እንደሚያገኝ፣ እዚያ ሆኖ የት እንደሚመረመር የሚጠይቀው ጓደኛ ያስፈልገዋል።

ወጣቱ፦ ይህ ሁሉ በአንድ ክረምት አያልቅም።

ሲስተር፦ አያልቅም። ወደ ገጠር የሄደ ወጣት እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው አገልግሎት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተምሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ዘመተ። አሜሪካኖቹ የሰላም ጓዶች ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ መሐል ላይ እየተቋረጠም ቢሆን፣ ይመጡ ነበር፤ ሁለት ሁለት ዓመት እየኖሩ፣ አማርኛ እየተማሩ፣ በትናንሽ ከተሞች ጤናና እንግሊዝኛ ሲሠሩ ቆይተው ኮቪድ ሲመጣ በ2020 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወጡ። ሰው በስሙ ጠርቶ የሚያስታውሰው በመካከላቸው ቆይቶ የኖረውን ነው። ከእነዚያ ሁሉ አንተ የምትበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ዘመቻው ሲያልቅ የምትመለስበት ሌላ አገር የለህም። አሥር ዓመት ሙሉ ያቺን ልጅ ቡሬ ገበያ ላይ ታገኛታለህ።

ወጣቱ፦ ትምህርት ቤቱ ራሱ ቢዘጋስ? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የተነሣው ጦርነት ስንቱን ትምህርት ቤት እንደዘጋ ያውቃሉ። መንገዱም አንዳንድ ጊዜ አያስወጣም።

ሲስተር፦ አውቃለሁ፤ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ልጅቷ ቤት ስትውል የሽማግሌ እግር ይበዛል። መንገዱ ሰላም ካልሆነ አትውጡ፤ የእናንተም ሕይወት ነው። ባላችሁበት ሰፈር፣ በግቢያችሁ ዛፍ ሥር፣ አምስት ስድስት ልጆች ሰብስባችሁ አስጠኑ። ሞሰቦ ላይ ትምህርት ቤት ያልገቡት ማንበብ የተማሩት በቡድን ተቀምጠው፣ ከመንደራቸው በተመረጠች ሴት ነው። አስጠኚ ያላት ልጅ «ነገ እመጣለሁ» የምትልበት ቦታ አላት፤ አባቷም ለሽማግሌዎቹ የሚመልሰው ቃል ያገኛል።

ወጣቱ፦ ይህን ንግግራችንን በጽሑፍ አውጥቼ ለሌሎችም ላካፍለው አስቤአለሁ። መጨረሻው ላይ ምን ልጨምር?

ሲስተር፦ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ አከራዮች ጻፍልኝ። መስከረም ሲጠባ የገጠር ልጆች ክፍል ፍለጋ በራችሁን ያንኳኳሉ፤ ለሴቶቹ የምትሰጡት ክፍል በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፣ ኪራዩንም ስንቅ ተሸክመው እንደሚማሩ አስባችሁ ቁረጡት። እግሩ ያበጠ ጎረቤት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ግቡና አብራችሁት ቡና ጠጡ፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።